«ባለ 8 ሰው» ተብሎ የተሸጠልኝ ድንኳን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ብቻም አይደለም። የጭነት መኪና ሸራ፣ የሱቅ ጥላ፣ የእድር ድንኳን ሁሉ እጠግናለሁ። ባለፈው ሰሞን ቤተሰብ ይዞ ወጣ ብሎ ስለማደር የጻፋችሁትን አነበብኩ። ደሴ አጠገብ ያለችውን የሐይቅን ከተማ ማንሳታችሁ ደስ አለኝ። አንድ ቦታ ላይ ግን ተናደድኩ። «6 ሰው ከሆናችሁ ባለ 6 ሰው ድንኳን ያዙ» ይላል። ይህን የጻፈው ልጅ ከ5 ሰው ጋር ባለ 6 ድንኳን ውስጥ አድሮ አያውቅም። አድሮ ቢሆን ኖሮ እጁ እሺ ብሎ አይጽፍለትም ነበር።

እኛ ቤት 7 ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴና 4 ልጆች። ከቤት ውጭ የምናድርበት ምክንያት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አናጣም። መስከረም 21 ግሸን አለ። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ አለ። አማቴ የአልቡኮ ሰው ናቸው፤ መውሊድ በደረሰ ቁጥር እዚያው አልቡኮ መውሊድ ወደሚከበርበት ቦታ «ጀማ ንጉሥ ሳልሄድማ አልውልም» ይላሉ። ወሎ ነውና አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም በዓል አለ። መውሊድ ደግሞ አንድ ወር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ በዓል አይደለም። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነበር። በ2015 መስከረም 28 ዋለ። በ2017 መስከረም 5። እንዲህ እያለ ነሐሴ መሐል ይገባል። ስለዚህ ለእኛ «የበጋ ድንኳን» የሚባል ነገር አይሠራም። የታኅሣሥን ውርጭ፣ የበልጉን ዝናብ፣ የክረምቱን በረዶ አንዱ ድንኳን መቻል አለበት።

የመጀመሪያው ድንኳናችን የእድር ነበር። ልናዘዝ። የእድራችንን ድንኳን የምጠግነው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ጠግኜ ስጨርስ «ልሞክረው» በሚል ሰበብ ቅዳሜ ጠዋት ጭኜ ሐይቅ ወሰድኩት። ወፍራም የጥጥ ሸራ ነው። ማታ ሁሉም ሰው ተኝቶበት እንኳ አያፍንም፤ ጥጥ ይተነፍሳል። ልጆቹ ውሃው ዳር ሲሯሯጡ ዋሉ። አሳ ጠብሰን በላን። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። ሰፈር ውስጥ ሰው አርፏል። ጡሩምባው ተነፍቷል፣ እድርተኛው ተሰብስቧል፣ ድንኳኑ ሐይቅ ነው።

ጤዛ ጠጥቶ የከበደ ሸራ በጨለማ ነቅሎ መጫን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደረቁን እንኳ 4 ሰው ነው የሚሸከመው። አይሱዙ ተለምኖ ደሴ ስንደርስ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሟል። እድሩ ቀጣኝ፤ ተገቢ ነው፤ ከፈልኩ። ዛሬም ግን ለቅሶ ቤት ስገባ «ሐይቅ ነህ ብለን ነበር» የሚለኝ አይጠፋም።

የራሴን ልግዛ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሱቅ ገባሁ። ከረጢቱ ላይ ትልቅ 8 ተጽፏል። እኛ 7፣ እሱ 8። አንድ ሰው ይተርፋል ብዬ ተደሰትኩ። «ፈትተን እንየው» ስለው ባለ ሱቁ «ጋሼ፣ ከከረጢቱ ከወጣ ተመልሶ አይገባም» አለኝ። እኔም አመንኩት። ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚውል ሰው ሳይለካ ገዛ! ባለቤቴ እስከ ዛሬ የምትስቅብኝ በዚህ ነው።

ቤት መጥቼ ስለካው ወለሉ 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ40 ነው። እስቲ አስሉት። 3 ሜትር ለ8 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 37 ሳንቲሜትር ተኩል ይደርሰዋል። የእኔ ትከሻ ብቻ 48 ነው፤ የራሴን ኮት ስለምሰፋ አውቀዋለሁ። 8 የሚለውን ቁጥር የሚጽፉት ሰው በጎኑ ተጣብቆ፣ ያለ ፍራሽ፣ ያለ ዕቃ፣ ሳይገላበጥ ያድራል ብለው ነው። ደህና የሚባለው አምራች እንኳ ለአንድ ሰው የሚያስበው 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። አማት ይዞ ለሚጓዝ 70 ያስፈልጋል። 7 ሰው በ70 ሲባዛ 4 ሜትር ከ90 ነው። የወለሉን ሌላውን ጎን 3 ሜትር አድርጉት፤ 2ቱ ለመተኛ፣ ከግርጌ የቀረው አንዱ ለጓዝ። 5 በ3 ማለት ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የሰው ቁጥር እርሱትና ይህን ሒሳብ የራሳችሁን ቤተሰብ ቆጥራችሁ ሥሩት። እኔ የምለው ዋናው ነገር ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣብኝ ጣጣ ነው።

መስከረም 20 ቀን 2010 ግሸን ወጣን። ጓዙን በአህያ፣ እኛ በእግር። አምባው የመስቀል ቅርጽ ያለው ተራራ ነው፤ ንፋሱ ከአራቱም በኩል ይመጣል። የመስቀሉ ግማድ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የገባበት ቦታ ነውና ለንግሥ የሚመጣው ሕዝብ መሬቱን አይቶ አይጨርሰውም። ክፍት ቦታ አገኘን ብለን ቁልቁለቱ ላይ ተከልን። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ።

ጨርቁ አላስገባም። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ጨርቁ ጥሩ ነበር። ያስገባው ስፌቱ ነው። በባትሪ አብርቼ ሳይ ጠብታው በስፌቱ መስመር ላይ እንደ ዶቃ ተሰድሯል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካል። የሙያዬ ነገር ነውና እዚያው ተቀምጬ ስፌቱን ቆጠርኩት። አንዱ ስፌት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ሜትር 250 የመርፌ ቀዳዳ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ስለተሰፋ 500። ከውስጥ የሚለጠፈው ቴፕ አልተለጠፈበትም። እንግዲህ ከወንፊት በምን ይሻላል?

ሰዉ ድንኳን ሲገዛ ጨርቁን በጣቱ ያሻሻል። ጨርቁን ተዉት፤ ገልብጡና የጣሪያውን ስፌት ከውስጥ እዩ። ጥሩ የሆነው የሚያብረቀርቅ ስስ ቴፕ በሙቀት ተጣብቆበታል። ጥፍራችሁን አስገብታችሁ ጫፉን ሞክሩት፤ ከተነሣ ነገ ይላቀቃል። የጥጥ ሸራ ከሆነ ቴፕ አትፈልጉ። የጥጥ ክር ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ የመርፌውን ቀዳዳ ራሱ ይደፍነዋል። ለዚህ ነው አዲስ ሸራ ከመጓዙ በፊት ግቢ ውስጥ ተተክሎ በደንብ ውሃ ጠጥቶ መድረቅ ያለበት። እኔ የእድሩን ስሰፋ ክሩን ሻማ እቀባዋለሁ፤ እሱም ይረዳል። ዝናብ ላይ ግን ልጆች የሸራውን ጣሪያ ከውስጥ በጣት እንዳይነኩ አደራ። የተነካበት ቦታ ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ስለ ጨርቁ አንድ ቁጥር ብቻ ልስጣችሁ። ሻጩ «3,000 ሚሊ ሜትር» ካላችሁ፣ ጨርቁ ላይ ቱቦ ቆሞ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢሞላበት እስከዚያ ድረስ ይችላል ማለቱ ነው። 1,500 ካላችሁ ለካፊያ ይሆናል፤ ለነሐሴ አላምነውም። ወለሉ ከጣሪያው በላይ መቻል አለበት። ጉልበታችሁን ጭቃ ላይ ተጭናችሁ ስትነሡ ውሃው በግፊት ነው የሚገባው። የሻጩ ምላስ ቁጥሩን ካላወቀ ጨርቁ ላይ የተሰፋውን ምልክት ፈልጉ።

የዚያ ሌሊት ምሰሶስ? ቀጭን የፋይበር ዘንግ ነበር፤ ንፋሱ ሲመጣ እንደ ሸንበቆ ተሰነጠቀ። ባለቤቴ ጃንጥላዋን አስገብታ አቆመችው። ካስማዎቹ ሚስማር አከሉ፤ ድንጋይ ሲነካቸው ተቆለመሙ። ከዚያ ወዲህ ካስማ ገዝቼ አላውቅም። ብረት ቤት ሄጄ ባለ 10 ፌሮ በ30 ሳንቲሜትር አስቆርጬ አንዱን ጫፍ አሹዬ፣ ሌላውን እንደ ከዘራ አስጎብጬ ይዣለሁ። 20ዎቹ ካስማዎች ይከብዳሉ፣ ልጆቹ ያማርራሉ፤ ነፋስ ግን እስከ ዛሬ አልነቀላቸውም። አውታሩን ደግሞ ሁልጊዜ ሁሉንም እሰሩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል ብሎ አራቱን ብቻ ያሰረ ሰው ሌሊት በውስጥ ሱሪ ወጥቶ ሲያስር አይቼዋለሁ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ስፌቱን በሙጫ ደፍኜ፣ ምሰሶ ቀይሬ፣ ለገና ላሊበላ ወሰድኩት። ዝናብ የለም፣ ደመና የለም፣ ኮከቡ እጅ ላይ የሚወርድ ይመስላል። ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ባለቤቴ የአየር መግቢያዎቹን በሙሉ በነጠላ ወተፈቻቸው። ሌሊት ፊቴ ላይ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ አለ። «ኧረ ስፌትህ ደግሞ!» አለችኝ። ስፌቱ አልነበረም። የራሳችን ትንፋሽ ነው። የሁላችንም ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ጣሪያ ሲነካ ውሃ ሆኖ ተመለሰ። ድንኳኑ ባለ አንድ ንብብር ስለነበር ማምለጫ የለውም። ባለ ሁለት ንብብር ሲሆን የውስጡ ስስ ጨርቅ እንፋሎቱን ያሳልፋል፤ ውሃው ውጭኛው ላይ ይሆንና በጎን ይወርዳል። ብርድ ሲሆን ድንኳን መድፈን ስህተት ነው። ብርዱን በብርድ ልብስና በፍራሽ ነው የምትከላከሉት። በተለይ ከሥር። ብርድ ከላይ የሚመጣ ይመስለናል እንጂ ሌሊቱን የሚበላን መሬቱ ነው። የበግ ቆዳ ያላችሁ ያዙ፤ ከመኪና እስከ ድንኳን ሩቅ ካልሆነ ምንም አይተካውም።

በነገራችን ላይ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይባላል። በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚለዋወጥ አንድ ቀን ውስጥ 4 ዲግሪ ያህል ትሞቃላችሁ። ባቲ ከወረዳችሁማ ተዉት። ስለዚህ መስኮቱ በመረብ የተሠራ፣ ሲፈለግ የሚከፈት፣ ሲፈለግ የሚዘጋ መሆን አለበት። ዚፑ ደግሞ በብዛት መጀመሪያ የሚሞተው ነው። ስታዩት ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ጨርቅ ከነከሰ አትግዙ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ኅዳር 2011፣ መውሊድ፣ ጀማ ንጉሥ። ያ ድንኳን ለመጨረሻ ጊዜ የወጣበት ጉዞ ነው። ማታ ሰው ሁሉ እየመጣ አማቴን ይዘይራል። ብርድ ነው። አማቴ «ቡናውን ውስጥ እናፍላው፣ ልጆቹም ይሙቁ» አሉ። አብሽር ብዬ የከሰሉን ምድጃ ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ። ዕጣን ተጨሰ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ቡናው ደረሰ። ቤቱ ሞቀ። ሁለተኛውን ስንጠጣ ትንሹ ልጄ «አባዬ ራሴን» አለና ጋደም አለ። እንቅልፍ ነው አልን። ከዚያ ትልቋ ልጄ አቅለሸለሻት። ባለቤቴ ሳትናገር ተነሥታ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ከፈተችው፣ ልጁን አንጠልጥላ ወጣች። ብርዱ ላይ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ዓይኑን ገለጠ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምድጃውን ለማውጣት ስቸኩል አንድ ፍም ወለሉ ላይ ወደቀና ባለ 10 ሳንቲም ገንዘብ የሚያህል ቀዳዳ አቀለጠበት።

ከሰል ሲቀላ ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም መልክም የለውም። «መስኮት ከፍቼ» ማለትም አያዋጣም። ድንኳን ውስጥ ከሰል አይገባም፣ አለቀ። አማቴ አሁን ከማንም በላይ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው። ጎረቤት ድንኳን ድረስ ሄደው ምድጃ ያስወጣሉ።

ታዲያ ቡና የት ይፈላ? እዚህ ላይ ነው የእኛ ቤተሰብ ከካታሎጉ ቤተሰብ የሚለየው። ለእኛ ድንኳን በረንዳ ያስፈልገዋል። ከበሩ ፊት ቢያንስ 2 ሜትር ወጣ የሚል ጥላ፣ ሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ። ዝናብ ቢመጣ ረከቦቱ አይርስም፣ ከሰሉም ከድንኳኑ ውጭ ይሆናል። ጫማም እዚያ ይወልቃል። በረንዳ የሌለው ድንኳን ስንት ቢሰፋ ጭቃው ፍራሽ ላይ ነው።

ቁመቱን ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። መጀመሪያ የገዛሁት ድንኳን መሐሉ ላይ 1 ሜትር ከ70 ነበር፤ ወደ ጎን ሲሄድ ይጎብጣል። አማቴ ሱብሂ ሲሰግዱ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ተደፍተው ነው። ጣሪያው ሻሻቸውን ይነካው ነበር። ባለቤቴም ጸሎቷን ቆማ ነው የምታደርሰው። አሁን ያለን ድንኳን 2 ሜትር ነው፤ በመጋረጃ ሁለት ክፍል ይሆናል። አንደኛው ክፍል ሌሊት ለሚነሡት፣ አንደኛው ጸሐይ ጭንቅላታቸው ላይ ካልወጣች ለማይነሡት። ከፍ ያለ ድንኳን ንፋስ እንደሚወድ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ፌሮው።

ይህን ሁለተኛውን በ2012 ዓ.ም. ነው የገዛሁት። ከውጭ የመጣ፣ ያገለገለ፣ ባለ ሁለት ንብብር፣ ምሰሶው ብረት። 24 ኪሎ ይመዝናል። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቴ ጋዜጣችሁን ታነባለች። የዚህኛውን ሻጭ ግቢው ውስጥ አስተክዬ፣ ውስጡ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ በቀን ብርሃን ጣሪያውን አየሁ። ቀዳዳ ካለ ብርሃን ያስገባል። ከዚያ በባልዲ ውሃ አስፈሰስኩበት። ሰውየው «ድንኳን ነው ወይስ ጀልባ የምትገዛው?» አለኝ።

በ2014ቱ ጦርነት ደሴን ለቀን ስንወጣ ይኸው ድንኳን አብሮን ወጣ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። 7 ሰው ተብሎ የተሰላው ወለል ላይ 13 ሆነን ያደርንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ዝናብ አላስገባም።

ለዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ ድንኳን እንደገና ስትጽፉ የሰው ቁጥር አትጻፉ፤ ወለሉን በሜትር ጻፉ። ባለ ሱቆችም ካነበባችሁት፣ አንዱን ድንኳን ፈትታችሁ በር ላይ ትከሉት። ተመልሶ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ እኔ እጥፋቱን በነጻ አሳያችኋለሁ። ርጥብ ሆኖ ግን አትጠፉት፤ ሦስት ቀን ሳይሞላው ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም።

እኔም የባለፈው ቅዳሜ ዝናብ የነካውን ይኸው ሱቄ ውስጥ ከጣሪያ ጣሪያ አንጠልጥዬዋለሁ። የስፌት መኪናዬን ጋርዶታል፣ መርፌ የምሰካው በእጄ እየዳበስኩ ነው። ጠዋት አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ነጠላዋን ዘቀዘቀችና በቀስታ «ማንን ነው?» አለችኝ። ማንም አልሞተም፣ ሐይቅ ነበርን አልኳት።

አክባሪያችሁ
አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ